እስከ መግሪብ መታመም

የሶልያና ቀኝ ኩላሊት ማክሰኞ ጠዋት ወጣ። ረቡዕ ጠዋት ሶልያና እንደ ወትሮዋ ሳሎኗ ውስጥ ተቀምጣ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር ታነሣ ነበር። ክሬኑ እዚያ፣ እሷ እዚህ፤ ሥራ እንዲህ ከሆነ ቆይቷል። አለቃዋ ነገሩን የሰማው ምሳ ሰዓት ላይ ነው። «እንዴት ነበር?» አላት። «ጥሩ» አለችው። «እንግዲያው የጅቡቲው ባቡር ሳይደርስ ያንን መደዳ ጨርሺልኝ» አላት። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም። እሱም ባለፈው ወር ጉልበቱን አስቀይሮ በዚያው ቀን ከሰዓት ስብሰባ መርቷል።

ኩላሊቷ በጠጠር ተሞልቶ ከጥቅም ውጪ ከሆነ ከርሟል፤ መውጣቱ አላሳዘናትም። የሚገርማት ጎኗ ነበር። ከጎድን አጥንቷ በታች እስከ ዳሌዋ ድረስ ቀኝ ጎኗን ስትነካው እጇ ሙቀቱን ያውቃል፣ ጎኗ ግን እጇን አያውቀውም። የሌላ ሰው ሥጋ የነካች ያህል እጇን ሰብሰብ ታደርጋለች። ጀርባዋ ላይ፣ ከአከርካሪዋ ፈንጠር ብሎ፣ በጡንቻና በጡንቻ መካከል የገባች ክር የምታህል ቱቦ አለች። ቱቦዋ ጫፍ ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ነገር በየጊዜው ጠብ ታደርጋለች፣ ነርቮቹ ይተኛሉ፣ ሌላው ሰውነቷ እንደነበረ ይቆያል። ሐኪሞቹ «ማገጃ» ይሏታል። ድሬዳዋ ግን ለነገር ሁሉ የራሷን ስም ካላወጣች እንቅልፍ አይወስዳትምና «ጠብታዋ» ብላታለች። ጠብታዋ ቁስሉ እስኪድን ትቆይና በራሷ ትረግፋለች።

በሶልያና ደጅ ላይ፣ እንደ ሰፈሩ ሁሉ፣ አንዲት መብራት አለች። ቤት ውስጥ የሚያመው ሰው ካለ ትቀላለች ተብላ የተሰቀለች ናት። ቀልታ ያየ ሰው ግን የለም። ሁሉም ደጅ አረንጓዴ ነው፤ የወለደችውም፣ እግሩ የተቆረጠውም፣ አልጋ ላይ የሚሞተውም ቤት አረንጓዴ ነው። ዕድሩም ደንቡን ከዚያው ጋር አስተካክሏል፤ መብራቱ አረንጓዴ የሆነ ቤት አይጠየቅም፣ ያላመመው ሰው በሽተኛ አይባልምና። ጥየቃ እንዲህ ሆኖ ቀረ። ቀርቷል ብሎ ያወጀ የለም፤ እንደ ብዙ ነገር ዝም ብሎ ቀረ።

ሶልያናም ሥራዋን ጨርሳ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች፤ ሰው አልመጣም። አልጠበቀችምም። አንድ ሰው ብቻ ነበር የምትጠብቀው።

እሷም ታላቅ እህቷ ሐሴት ናት። ሐሴት ያለችው ባሕር ማዶ አይደለም፤ ከደቻቱ ወንዝ ወዲያ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ድልድዩን ሲሻገሩ ነው። ሁለቱ እህትማማቾች ሆድና ጀርባ ከሆኑ ዓመታት አልፈዋል። ምክንያቱን የሚሰማ ሰው ይስቃል። የሐሴት ልጅ ስትዳር ለዘመድ የተላከው ሹፌር አልባ መኪና ሶልያና ደጅ መጥቶ፣ እሷ ቀሚሷን እያስተካከለች ሳለ፣ ጥሏት ሄደ። ሶልያና ደጅ ላይ ቆማ ቀረች፤ አጎንብሳ ጉልበቷን ልትስም የምትጠብቃትን ሙሽራ ሳታይ ዋለች። ሐሴት ደግሞ «መኪናው ጠርቷታል፣ ኩራት ነው እንጂ መውጣት አቅቷት አይደለም» አለች። «አልጠራኝም» አለች ሶልያና። «ጠርቷታል» አለች ሐሴት። ያን ያህል ነው። የአኩራፊ ምሳ እራት ይሆናል ይባላል፤ የእነሱ እራትም ሳይበላ ዓመታት አደረ።

ረቡዕ ከሰዓት ነስራ ገባች። ነስራ ጎረቤቷ ናት፤ አጥሩን ዘሎ የሚመጣውን የማንጎ ቅርንጫፍ ሰበብ አድርጋ በቀን ስንት ጊዜ የምትገባ፣ ምላሷ የማይታሰር ሴት።

«እትዬ ሶል፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የከፋሽ? ጠብታዋ አልሠራችም እንዴ?»

«ሠርታለች። መጥፎው እሱ ነው።»

ነስራ ማንጎውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። «አቦ፣ በሰው ቋንቋ ተናገሪ።»

«እናቴ ከአንዲት ጎረቤታችን ጋር ተጣልታ ነበር፤ ሰላምታ የለም፣ ዓይን ለዓይን መተያየት የለም። ሴትየዋ ደረጃ ላይ ወድቃ እግሯን ሰበረች። እናቴ ያንኑ ዕለት ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ምን ተባባሉ መሰለሽ? ምንም። ስለ ጠቡ አንድ ቃል አልተነሣም። ታማለቻ! የታመመ ሰው ላይ ኩርፊያ የለም። ሰርግ፣ ሕመም፣ ሞት፤ እነዚህ ሦስቱ ናቸው ኩርፊያን የሚያስጥሉት። እኛን ሰርጉ አጣላን። ሕመሙን ጠብታዋ ወሰደችው። የቀረው ምንድን ነው?»

ነስራ ማንጎውን አነሣችና መልሳ አስቀመጠችው።

«ለቅሶዬ ላይ መጥታ ደረቷን ከምትደቃ አሁን ትምጣ» አለች ሶልያና። ብድግ አለች። ፊቷ ላይ ነስራ ለረጅም ጊዜ ያላየችው ነገር ታየ፤ ልጅ አጥር ሊዘል ሲል የሚታይበት ዓይነት። «ነስራ፣ እኔ ነገ እታመማለሁ።»

ሕጉ ይፈቅዳል። ሕመሙን የማወቅ መብት ይሉታል፤ ማንም ስለማይጠይቀው ብዙ ሰው መኖሩን አያውቅም። ጠብታዋን ያስገባው ሐኪም አጠገብ ተቀምጦ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ትቆማለች፤ ፀሐይ ስትጠልቅ በራሷ ትጀምራለች፣ ማንም አያዘገያትም። ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ ጠለቀች ማለት የመግሪብ አዛን ተሰማ ማለት ነው። እስከዚያ ሐሴት ከመጣች መጣች። ካልመጣች ግን መብቱ ሁለተኛ አይሰጥም።

ሐሙስ ጠዋት ዶክተር ሊበን ከቀጠሮው ቀድሞ ደረሰ። ወጣት ነው፣ የድሬ ልጅ ነው፣ ድሬ ደግሞ አንቱታ አትወድም።

«እትዬ፣ እርግጠኛ ነሽ?»

«ነኝ።»

«እንደገና ልጠይቅሽ፣ ሕጉ ነው። እርግጠኛ ነሽ?»

«አንተ ልጅ፣ ፈራህ እንዴ?»

«ኧረ አልፈራሁም!» አለ ዶክተሩ፤ ወንበሩን ወደ አልጋዋ ሳበና እጆቹን አፋተገ። ዓይኖቹ ያበራሉ። «ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም ብልሽ ታምኚኛለሽ? ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ ሳግድ ነው የኖርኩት፤ ያገድኩት ነገር ምን እንደሚመስል ግን አንድ ቀን አይቼ አላውቅም አቦ! ከኩላሊት ቀዶ ጥገና በኋላ ያመመው ሰው ያየ ሐኪም በዚህ ከተማ የለም። የመጀመሪያው እኔ ነኝ።»

ሶልያና ልታሾፍበት አፏን ከፍታ ነበር፤ ልቧ ድው ድው ስለሚል ተወችው። የሰርጓ ዕለት ጠዋት እንኳ እንዲህ አልመታም። ዶክተሩ ጀርባዋ ላይ ያለችውን ነገር በጣቱ ነካ አደረጋት፤ ጠብታዋ ቆመች።

መጀመሪያ የተሰማት የቀሚሷ ጨርቅ ነው። ከማክሰኞ ጀምሮ ያልነበረ ጨርቅ ጎኗ ላይ አረፈ። «ኧረ ተሰማኝ!» ብላ ሳቀች፤ ነስራም ሳቀች፤ ዶክተሩም በደስታ ጭኑን መታ። ቀጥሎ ማሳከክ መጣ፤ ቀጥሎ ሙቀት። ሶልያና «ይኼ ነው እንዴ? ይኼንን ነው አያቶቻችን እንዲያ የሚያጋንኑት?» ማለት ጀምራ ነበር፤ አልጨረሰችውም። ኩላሊቷ ከነበረበት ቦታ፣ ከውስጥ፣ አንድ ነገር እንደ ቢላ ዞረ።

«ኧረ በስመ አብ! ኧረ እማዬ ድረሺ!»

ዶክተሩ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። «እንዴት ነው? ይወጋል? ያቃጥላል? ይጨመድዳል?»

«ይወጋል! ያቃጥላል! ሁሉንም ነው! ዞር በል ከፊቴ!»

«ከአንድ እስከ አሥር ስንት ትሰጪዋለሽ?»

«መጥተህ ራስህ ስጠው!»

ነስራ ወደ ደጅ ሮጠች። ጩኸቷ ከውጭ ተሰማ፤ «ቀላች! እትዬ ሶል፣ ቀላች! እንደ ቲማቲም!»

ሶልያና ላብ በላብ ሆና፣ ትራሱን በጥርሷ ነክሳ፣ ዓይኗ ግን ይስቅ ነበር። ታማለች። ሰው እንደሚታመመው ታማለች፤ ይኼን ደግሞ ከዚራ ድረስ ማንም ሊክደው አይችልም።

ሰፈሩ ምን እንደሚያደርግ አላወቀም። የሚቀላ መብራት ትርጉሙን የሚያውቁት ጥቂት ናቸው፤ በመጀመሪያ የደረሰው ሰውዬ እሳት የተነሣ መስሎት የእሳት ማጥፊያ ተሸክሞ ነበር። ቀጥላ የመጣችው ሴት ቤቱ በሰው መሙላቱን አይታ ሶልያናን ጉንጯን ስማ «እንኳን ደስ ያለሽ» አለቻት። ሌላዋ በሩ ላይ ቆማ ሲቃዋን ሰማችና «ይኼን ድምፅ የምታወጣው እሷ ናት?» ብላ ጠየቀች፤ ናት ሲሏት ፊቷ ነጣ። ጥቂቶች ደጁ ላይ ቆመው ጆሯቸውን ያዙ። አንዱ ሹክ ብሎ «ዶክተሩ እያያት ለምን ዝም ይላል? ሰው አይደለም እንዴ?» አለ። ከፊሎቹ ሲያዩዋት ቆይተው የራሳቸውን ጎን በእጃቸው ዳሰሱ፤ እዚያም እንዲህ ያለ ነገር ተኝቶ እንደሆነ የሚፈትሹ ይመስሉ ነበር።

አባባ ያብስራ ነው ነገሩን መልክ ያስያዘው። የዕድሩ ሰብሳቢ ነው፤ በልጅነቱ እናቱ እጁን ይዛ ለጥየቃ ትወስደው የነበረ፣ ከዘራውን መሬት ላይ ካልመታ ንግግር የማይጀምር ሽማግሌ።

«ጫማ ውጪ!» አለ። «ድምፅ ቀንሱ። እሳት ማጥፊያውን ከዚህ አውጡልኝ። ተራ በተራ ትገባላችሁ፣ ‹እግዜር ይማርሽ› ትላላችሁ። ነስራ፣ እናንተ ምን ነበር የምትሉት?»

«አላህ ያሽርሽ።»

«እሱንም ትላላችሁ። ከዚያ ቁጭ ትላላችሁ።»

«ከዚያስ?» አለ የእሳት ማጥፊያው ሰውዬ።

«ከዚያ ትተክዛላችሁ።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ምንም! ዝም ብሎ!»

«እስከ መቼ?»

«ሻይ እስኪመጣ። ከዚያ አንዳችሁ ከዚህ የባሰ ስለታመመ ሰው ታወራላችሁ፤ የዳነ ይሁን እንጂ! ስለሞተ ሰው ያወራ ከዕድር ይባረራል።»

የባሰ የታመመ ሰው የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ ከየአያቶቻቸው የሰሙትን እያወጡ አወሩ፤ አንዱ ጥርሱን በገመድ ስለተነቀለ ሰው፣ አንዷ ሦስት ቀን ስላማጠች ሴት። ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ አዳመጠ። ሶልያና በሕመሙ መካከል ብቅ ስትል የምታየው ይኼን ነበር፤ ቤቷ ሙሉ፣ ምንጣፏ ላይ እግር በእግር ላይ፣ ከኩላሊቷ ይልቅ ወሬው ያጓጓቸው ጎረቤቶች። ደስ አላት። ግን ከበሩ ዓይኗን አልነቀለችም።

ሐሴት ዘንድ የተላከችው ነስራ ድልድዩን ተሻግራ ስትመለስ ከሰዓት ሆኗል። ከንፈሯን ነክሳለች።

«አየሻት?» አለች ሶልያና።

«በረንዳዋ ላይ ተቀምጣለች። ነገርኳት። ‹ቀልቷል?› አለችኝ። ‹ዋላሂ ቀልቷል› አልኳት። ‹ጠብታዋ ተበላሽታባት ነው ወይስ ራሷ አስቁማ?› አለችኝ።»

«ምን አልሽ?»

«መዋሸት አቃተኝ። ራሷ ናት አልኳት።»

«እና?»

ነስራ ዶክተሩን አየች፣ ጣራውን አየች። «‹መኪና ልላክላት?› አለች።»

የመኪናውን ታሪክ የማያውቅ ሰው ሰፈሩ ውስጥ የለም። ሶልያና ዓይኗን ጨፈነች። እንባዋ ወረደ፤ ጎረቤቶቹ ሕመሙ መስሏቸው አንድ ላይ «እግዜር ይማርሽ» አሉ። ሕመሙ አልነበረም። ወይም ከዚያ በኋላ አንዱን ከሌላው መለየት አልቻለችም።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘቀዘቀች። ሕመሙ መጥቶ ይሄዳል ብላ ነበር፤ አልሄደም። ስትተነፍስ አለ፣ ስትውጥ አለ፣ በተለይ ስታስል ከአልጋዋ ያነሣታል። የዶክተር ሊበን ዓይን ብርሃኑን ካጣ ቆይቷል። ጠዋት የጠየቀውን ያህል አሁን አይጠይቅም። እጇን ይዞ ነበር የተቀመጠው።

«እትዬ፣ ይብቃን። አይቻለሁ። ልጀምራት።»

«እንዳትነካት።»

«አትመጣም።»

«አንተ እህት አለህ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ምን ታውቃለህ» አለችው፤ ሳትቆጣ። «አዛኑ መቼ ነው?»

ዶክተሩ መስኮቱን አየ። «ቅርብ ነው።»

ጎረቤቶቹም ደክሟቸዋል። ትካዜ ካልለመዱት አድካሚ ነው። አባባ ያብስራ ከዘራው ላይ አገጩን አስደግፎ አንቀላፍቷል። ሶልያና የበሩን መጋረጃ ታያለች፤ መጋረጃው ነፋስ በነካው ቁጥር ልቧ ዘሎ ይወጣል፣ ተመልሶ ይገባል። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይላሉ፤ እሷም አህያዋን አመዷ ላይ ሆና እየጠበቀች ነው። በልቧ ከእናቷ ጋር ተሟገተች፤ «የታመመ ሰው ላይ ኩርፊያ የለም አላልሽም? ይኸው ታምሜያለሁ። ይኸው።»

መጋረጃው ተገለጠ።

ሐሴት ነበረች። ከሶልያና በዕድሜም በቁመትም ትበልጣለች፤ ክንዷ ላይ አንድ ከረጢት አንጠልጥላለች። በመንገዱ ሮጣ ይሁን ተቆጥታ አይታወቅም፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሳይታዘዝ ተነሣላት። እሷ ግን እህቷን አላየችም፤ ቀጥ ብላ ነስራን አየች።

«ነስራ፣ ይቺን ሴትዮ እግዜር ይማርሽ በያት።»

ነስራ ወደ አልጋው ዞረች። «እግዜር ይማርሽ ትልሻለች።»

«ነስራ፣ አሜን በያት» አለች ሶልያና።

«አሜን ትላለች።»

«ምኗን ነው ያመማት በያት።»

ዶክተሩ «ቀኝ ጎኗን፣ ከአሥረኛው የጎድን አጥንት ጀምሮ…» ብሎ ሲጀምር አባባ ያብስራ ከዘራውን እግሩ ላይ ጫነው።

«ኩላሊቴን በያት» አለች ሶልያና።

«ኩላሊቷን ትልሻለች።»

ሐሴት ከረጢቱን ከአንድ ክንድ ወደ ሌላው አዛወረች። አሁንም ነስራን ነው የምታየው። «ነስራ፣ እኔ ዓምና ሐሞቴ ሲወጣ የት ነበርሽ በያት።»

ነስራ አፏን ከፈተች፤ ቃሉን ማስተላለፍ አቃታት። ሶልያና በክርኗ ተደግፋ ተነሣች፤ ጎኗ ሲቀደድ ተሰማትና ግድ አልሰጣትም።

«እታለም፣ ሐሞትሽ ወጣ?»

የመጀመሪያው ቃል ይኼ ነበር። ሁለቱም ሰሙት። ሐሴት ቀስ ብላ ፊቷን ወደ እህቷ መለሰች።

«ወጣ።»

«ማንም አልነገረኝም!»

«ማን ይንገርሽ? መብራቴ አረንጓዴ። ጠብታዋ ጎኔ ላይ። በማግስቱ ገበያ ወጣሁ፣ ቲማቲም ገዛሁ፣ ተሸክሜ መጣሁ። ማታ ማታ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ድልድዩን አያለሁ። ሶል ትመጣ ይሆን እላለሁ። ደግሞ እኔው መልሼ፣ ሳያመኝ ምን ብላ ትመጣለች እላለሁ። እንደ አንቺ ማስቆም ይቻላል ብሎ የነገረኝ የለም።» ከረጢቷን ደረቷ ላይ አቀፈች። «ባውቅ አስቆም ነበር።»

ሶልያና አየቻት። ዓመታት ሙሉ ደጅ ላይ የቀረችው እሷ ብቻ መስላት ኖራለች። የምትለው ሲጠፋት ሁልጊዜ እንደምታደርገው አሾፈች።

«ለካ ሐሞት አጥተሽ ነው ሳትመጪ የቀረሽው!»

ሐሴት ደነገጠች። ቀጥሎ አፍንጫዋ ተነፋ፤ ቀጥሎ ሳቀች፣ ያንን ከልጅነቷ ጀምሮ እንደ በር የሚንቋቋ ሳቋን። ሶልያናም ሳቀች፤ ሳቁ ጎኗን እንደ ጨርቅ ተረተረው።

«አታስቂኝ! ወይኔ! አታስቂኝ እታለም፣ ሞትኩ!»

«አንቺ አይደለሽ ያሳቅሽኝ!»

«ወይኔ ጎኔ! ሂጂ ውጪልኝ! አይ፣ እንዳትሄጂ!»

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። የእሳት ማጥፊያው ሰውዬ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ዶክተር ሊበን እየሳቀም እያለቀሰም ነበር፤ የቱን እንደሚያደርግ የወሰነ አይመስልም። ሶልያና ትራሱን ጎኗ ላይ ጨምቃ እየጮኸች ስትስቅ፣ በዓለም ላይ እንዲህ የሚያም ነገር አለ ብላ አስባ አታውቅም፤ እንዲቆምም አልፈለገችም።

«መኪናው ግን ጠርቶሽ ነበር» አለች ሐሴት ዓይኗን እየጠረገች።

«አልጠራኝም!»

«ጠርቶሻል።»

«አልጠራኝም አልኩሽ! ወይኔ ጎኔ!»

አዛኑ ተሰማ። ከመጋላ ሰፈር በኩል አንዱ መስጊድ ጀመረ፣ ሌሎቹ ተቀበሉት። ዶክተሩ እጁን ከፍ አድርጎ ለሶልያና አሳያት፤ እሱ ምንም አላደረገም፣ ጠብታዋ ራሷ ጀምራለች። ሕመሙ ከዳር ከዳሩ ይሸረፍ ጀመር። መጀመሪያ ቢላው ደነዘ፣ ቀጥሎ ሙቀቱ ሄደ፣ በመጨረሻ የቀሚሷ ጨርቅ ሄደ። ጎኗ እንደገና የሌላ ሰው ሆነ።

ደጁ ላይ ያለው መብራት አረንጓዴ ሲሆን ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ተነሡ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ያላመመው ሰው አይጠየቅም። ጫማቸውን ፈልገው አጠለቁ፤ አንዳንዱ በሩ ላይ ቆም ብሎ ሊናገር ፈልጎ ምን እንደሚባል ስላላወቀ ወጣ። አባባ ያብስራ ሐሴትን ትከሻዋን መታ አድርጎ ወጣ። ዶክተሩ «ነገ ጠዋት አይሻለሁ» ብሎ ወጣ። ነስራም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትባል፣ በሩን ዘግታ ወጣች።

ሐሴት አልተነሣችም።

«አሁን እኮ አያመኝም» አለች ሶልያና፣ ፍርሃት በፍርሃት ሆና። «ሕመሙ አልፏል። አረንጓዴ ሆኗል።»

«አይቻለሁ።» ሐሴት ከረጢቷን ከፈተች። የሌሊት ልብሷን አወጣች፣ ነጠላ ጫማዋን አወጣች፣ ፀጉሯን የምታስርበትን ሻሽ አወጣች። የመጣችው ልትጠይቅ አልነበረም፤ ልታስታምም ነበር፣ ያውም ከቤቷ ስትወጣ ጀምሮ። ሻሿን አሠረች፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ትንሽ ጠጋ በይልኝ። ልንካሽ? አያምሽም?»

«አያመኝም።»

ሐሴት እጇን በቀስታ፣ እንቁላል እንደሚያነሣ ሰው፣ ከፋሻው በላይ የእህቷ ጎን ላይ አሳረፈች። ሶልያና እጁን አየችው። ጣቶቹ ጎኗን ቀስ ብለው ያሻሹ ነበር፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ እናታቸው ታደርገው እንደነበረው። ዓይኗ ያያል። ጎኗ ግን ምንም አላወቀም፤ ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀችው እጅ ላይዋ ላይ አርፎ፣ እንዳላረፈ ነበር።

የእህቷን አንጓ ያዘች። እጁን ከቀኝ ጎኗ አነሣችው፣ በሆዷ ላይ አሻገረችው፣ ግራ ጎኗ ላይ፣ ጠብታዋ በማትደርስበት ቦታ አስቀመጠችውና በራሷ እጅ ተጫነችው። እጁ ሞቃት ነበር፤ ከመንገዱ ላብ ትንሽ እርጥብ፣ መዳፉ ሻካራ።

«እዚህ ያዢኝ» አለች። «እዚህ ይሰማኛል።»